የለሊሴ ቢጫ ቲዩቦች

ባለፈው ሐሙስ ለደም ግፊት ክትትሌ ጤና ጣቢያ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጣችና ኮሪደሩን በበረኪና መወልወል ጀመረች። ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች አፍንጫቸውን ያዙ። አንዱማ እያጉረመረመ ወጥቶ ሄደ። እኔ ግን እንደ ሽቶ ሳብ አድርጌ አሸተትኩት፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። አጠገቤ የነበረች ወጣት "አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። "አይ ልጄ፣ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። በበረኪና ሽታ ሰው ትዝ ይላል ብላ የምታምን ስላልመሰለችኝ ከዚያ በላይ አላስረዳኋትም። ለእናንተ ግን ላስረዳ፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ነው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት እዚሁ አምቦ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር። ዘመኑን ስቆጥረው ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ በዋጋ ስለካው ግን የአያቶቼ ዘመን ይመስለኛል። ከመናኸሪያ እስከ ግቢው በር ባጃጅ በሁለት ብር ይወስድ ነበር፤ ሦስት ከጠየቀን "ጉደር ልታደርሰን ነው እንዴ?" ብለን እንጣላለን። ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ቆርቆሮ ቤት ሻይና ቦምቦሊኖ በአምስት ብር ታቀርብ ነበር። ቦምቦሊኖው ደግሞ ዛሬ እንደሚሸጠው አውራ ጣት የሚያክል አልነበረም፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። የማዕድን ውሃ ሳጥን የጫኑት መኪኖች ጠርሙሳቸውን እያንቃጨሉ ሲያልፉ ወሬያችንን እናቋርጣለን፣ ካለፉ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ማዕዘኑ ላይ በፍላሽ ዘፈን የሚጭኑበት ሱቅ ነበር፤ ጠዋት የኦሮምኛ፣ ከሰዓት የአማርኛ ይከፍታል፤ እግሬ ሳላዝዘው ከዜማው ጋር ይራመድ ነበር። ተማሪዎቹ ወንዱም ሴቱም ጠባብ ጂንስ የሚለብሱበት ጊዜ ነው። እኔ በሰፊው የተሰፋ ቴትሮን ሱሪዬን ለብሼ በመካከላቸው ሳልፍ ድንኳን የሚሄድ ይመስላቸው ነበር መሰለኝ፣ ይሳሳቃሉ።

ለሊሴ ወደ እኛ የመጣችው ያኔ ነው። እንጭኒ ከተማ የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ ሰጥተዋታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልጨረሰች ያለ ዲግሪ ወደ ክፍሏ መመለስ ነው። እናቷ የሠራችላትን ሰማያዊ ሹራብ ክረምት ከበጋ ትለብሳለች፤ ጋዋኗ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ እጇ ደግሞ አይንቀጠቀጥም። ብዙ ዶክተር አይቻለሁ፣ እንደ እሷ በጥንቃቄ የሚለካ እጅ ግን አላየሁም። በመጀመሪያው ቀን "ምን ልታጠኚ መጣሽ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ፕሮቲን ታይሮሲን ፎስፋቴዝ ነው፣ ጋሼ።"

"በሽታ ነው ወይስ መድኃኒት?"

ሳቀችብኝ። ከዚያ ወንበር ስባ፣ ልክ ለዘጠነኛ ክፍል እንደምታስተምር፣ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ፕሮቲን ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ተያይዘው የሚሠሩት ነገር ነው፤ ከክፍሎቹ አንዱ ታይሮሲን ይባላል። ሴላችን አንዳንዱን ፕሮቲን ለሥራ ሲያነሣሣ ታይሮሲኑ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ያንን ፎስፌት የሚያነሣ ኢንዛይም አለ፤ የእሷ ጥናት እሱን ነው። ኢንሱሊን የሴሉን በር ሲያንኳኳ፣ በሩ ላይ ያለው ፕሮቲን ፎስፌት ይለጠፍበትና "ስኳሩን አስገቡ" የሚለው መልእክት ወደ ውስጥ ይሮጣል። አንሺው መጥቶ ፎስፌቱን ሲያነሣው መልእክቱ ይቆማል። ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ላይ መልእክቱ ከመጀመሪያውም ደካማ ነው፤ ስለዚህ አንሺውን ትንሽ የሚያዘገይ ነገር ቢገኝ መልእክቱ ረዘም ይላል፣ ስኳሩም ይገባል።

"ገባኝ፤ ሰው ሥራ ላይ እያለ መብራት እያጠፋ እንደሚዞር ዘበኛ ነው በይኛ" አልኳት።

ምሳሌዋ ተወደደችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንዛይሙ በእኛ ላብራቶሪ "ዘበኛው" ተባለ። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ዘበኛ እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። የሚለጥፈውን ሁሉም ያመሰግናል፤ የሚያነሣ ባይኖር ግን ሴሉ ማቆምን አያውቅም፣ የማያቆም ሴል ደግሞ ምን እንደሚያመጣ እግዜር ያሳያችሁ አልልም። አንዲት ፎስፌት ከአንዲት ታይሮሲን ላይ ማንሣት፤ ሥራው ይኸው ነው፤ የሰው ጤና ግን እሱ ላይ ያርፋል። ይህን ሳስብ ጢሜ ሸብቶም እደነቃለሁ።

ከሁላችንም በላይ በዘበኛው የተያዘችው ግን የላብራቶሪያችን የጽዳት ሠራተኛ አዴ ጌጤ ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከሁላችን ቀድማ ትገባለች፤ የእሷ እጅ የነካው መስታወት ያበራል፤ በውሃ እጥረት ቀን እንኳ አንድም ዕቃ ቆሽሾ አያድርም። ባለቤቷ ኦቦ ቱሉ ስኳር ነበረባቸው። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከደረት ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ፣ የገበያ ወሬ እንኳ "በምን ተጻፈ?" ብለው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ክኒኑ ሆዴን አወከው እያሉ ይነጫነጫሉ፤ እግራቸው ላይ የወጣች ቁስልም አልድን ብላለች። አዴ ጌጤ የለሊሴን ጥናት ከሰማች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሰላምታዋ አንድ ነበር።

"አከም ቡልቴ፣ ኦቦ አበራ? ዘበኛው ተያዘ?"

"አልተያዘም፣ አዴ። እየተፈለገ ነው።"

ለሊሴ ዘበኛውን ትይዝበታለች የተባለው ቅጠል በእንጭኒ ዙሪያ የሚበቅል ነው። ስሙን አልጠራውም፤ እናንተን አውቃችኋለሁ፣ ነገ ቀቅላችሁ ትጠጡታላችሁ። ዘበኛው ራሱ የመጣው ከውጭ አገር ነው፤ የአማካሪዋ የዶክተር ዮናስ ጓደኛ በበረዶ አሽጎ በሰው እጅ የላከው፣ የትንሽ ጣቴን ጫፍ በምታክል ብልቃጥ። መብራት ሲጠፋ ለሊሴ ብልቃጧን ቴርሞስ ውስጥ በበረዶ ቀብራ፣ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄዳ ፍሪጁ ውስጥ ከሥጋው ጎን ታስቀምጣለች። የሆቴሉ ባለቤት "ይሄ ሰውዬ ዛሬም ሊያድር መጣ?" ይሏታል።

ልኬቱ የሚነበበው በቀለም ነበር። ዘበኛው ሥራውን ከሠራ፣ የተነሣው ፎስፌት ፈሳሹን አረንጓዴ ያደርገዋል። ቅጠሉ ዘበኛውን ካሰረው ፈሳሹ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። የምንለካባቸው የመስታወት ቲዩቦች ደግሞ፣ ሌላ አገር አንዴ ተጠቅመው ይጥሉታል ሲሉ እሰማለሁ፣ እኛ ጋ የሚጣል ነገር የለም። ይታጠባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይመለሳሉ። በማርከር የተጻፈ ሲታጠብ ስለሚለቅ፣ ለሊሴ ቅጠል የሚገባባቸውን ቲዩቦች አንገታቸው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችባቸው። ቅጠሉ ቡናማ ቀለበት እየተወባቸው ስለሚያስቸግር፣ ቅጠል ከማያውቁት ንጹሖቹ ጋር እንዳይቀላቀሉ ብላ ነው። በጊዜው ብልህነቷን አደነቅኩ።

ገና ልምምድ ላይ ሳለን ያ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን የሸፈንንበት ዘመን መጣና ግቢው ተዘጋ። ከመናኸሪያው ጩኸት ጠፋ፣ ዘፈን ቤቱም ዘጋ፣ ሰላምታም በክርን ሆነ። ስንመለስ ከለሊሴ ሁለት ዓመት የቀረው የወራት ጥራጊ ነበር። ሁሉ ነገር በበረኪና ይጽዳ የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ተለጠፈ፤ ለአዴ ጌጤም በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ይሰጣት ጀመር። ወለሉ ነጣ፣ የበር እጀታው ነጣ። እኔ በግቢው ውስጥ አፍንጫዬ የታወቀ ሰው ነበርኩ፤ ክዳኑ ያልተገጠመ አሲድ ከኮሪደር አሸታለሁ። በጭምብል ውስጥ ግን እኔም እንደማንም ሆንኩ።

ለሊሴ እውነተኛውን ልኬት ጀመረች። ቅጠል የሌለባቸው ቲዩቦች አረንጓዴ ሆኑ። ቀይ አንገት ያላቸው፣ ቅጠል የገባባቸው፣ ቢጫ። ደገመች፤ ቢጫ። ሠለሰች፤ እንደ ሎሚ ቢጫ። ዶክተር ዮናስ ጭምብላቸውን አውልቀው ሳሟት፤ ያኔ መሳም እንደ ወንጀል ነበር። እኔም ደስታዬን መያዝ አቃተኝና ለአዴ ጌጤ "ተያዘ! ዘበኛው ታሠረ!" ብዬ ነገርኳት። በዚያም አላበቃሁም። ኦቦ ቱሉ ወረቀት እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ ለሊሴ የጻፈችውን የአማርኛ ማጠቃለያ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጠኋት። ከተረፈው ቅጠልም በፌስታል አስይዣት ሄደች። ኦቦ ቱሉ ገጹን በመነጽራቸው ሁለቴ አነበቡት፣ ቅጠሉን አስቀቅለው መጠጣት ጀመሩ፣ ክኒናቸውንም ተዉ። የዚህ ሁሉ መነሻ የእኔ ምላስ ናት። ዛሬም ትቆጨኛለች።

የለሊሴ ጽሑፍ ተጠርዞ ለፈታኞች ተላከ። ጽሑፏን ፊታቸው ቀርባ የምትከላከልበት ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው አዴ ጌጤ አዲስ ዓለም የሚኖር አጎቷ ሞቶባት ለቅሶ ሄደች። ለሊሴ አንድ የመጨረሻ ልኬት ልጨምር ብላ ቲዩቦቹን ራሷ በውሃ አጠበችና ሠራች። ቀይ አንገቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ።

ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ቅጠሉ አርጅቶ ይሆናል ብለን ከእንጭኒ አዲስ አስመጣን፤ አረንጓዴ። ፈሳሹ ተበላሽቶ ይሆናል ብለን አዲስ በጠበጥን፤ አረንጓዴ። የዘበኛው ብልቃጥ እያለቀ ነበር። አዴ ጌጤ ረቡዕ ጠዋት ጥቁር ለብሳ ስትመለስ ሁለታችንም እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጠን አገኘችን። ነገሩን አስረዳናት። ባልዲዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ሰማችን፤ ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች።

"ማን አጠባቸው?"

"እኔ ነኝ፣ አዴ" አለች ለሊሴ።

"በምን?"

"በውሃ።"

አዴ ጌጤን ማንም አልጠረጠራትም፤ ዝም ብትል ኖሮ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አልነበረም። የኮንትራት ሠራተኛ ናት፤ ነገ አትምጪ ቢሏት ጠያቂ የላትም። ከዚህም በላይ ቅጠሉ እንዲሠራ እንደ እሷ የሚመኝ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ሆኖም እንዲህ አለች፦

"እኔ እነዚያን ባለ ቀዮቹን በበረኪና ነው የማጥባቸው። ቡናማው አልለቅ ብሎ አሳፈረኝ። ለንጹሖቹ በረኪና ማባከን ነው ብዬ በውሃ ብቻ አጥባቸዋለሁ። ውሃም ስለሌለ ባለ ቀዮቹን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማለቀልቃቸው። ማሎ ኢንተላ ኮ፣ የበረኪናውን ነገር ፈትሺው።"

እባክሽ ልጄ እያለች የምትለምናት የራሷን ተስፋ እንድታጠፋባት እንደሆነ ያኔ አልታየኝም። ለሊሴ የሁለት ልኬት ብቻ ዘበኛ ቀርቷት ነበር። አዴ ጌጤ አንዱን ቲዩብ እንደ ልማዷ በበረኪና አጠበችው፣ አንዴ አለቀለቀችው። ሌላውን በውሃ ብቻ። በረኪና ወደ ነካው ቅጠል አልገባም፣ ውሃና ዘበኛው ብቻ። በውሃ ወደታጠበው ግን ለሊሴ ቅጠሉን በደንብ ጨመረችበት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ቅጠል የሌለበት ቢጫ ሆኖ ቀረ። ቅጠል የሞላው አረንጓዴ ሆነ። የዘበኛው ነፍስ አንዲት ድኝ ያለባት ቦታ ላይ ናት፤ እሷን በረኪና ሲነካት ይሞታል። ገዳዩ የጌጤ ንጽሕና እንጂ ቅጠሉ አልነበረም።

"እንግዲያው ቅጠሉ ምንም አይደለም?" አለች አዴ ጌጤ።

"ምንም አይደለም፣ አዴ" አለች ለሊሴ።

አዴ ጌጤ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችበት። "ቱሉ ክኒኑን ከተወ ሦስት ሳምንቱ ነው" አለች።

ዶክተር ዮናስ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለተማሪያቸው የሚራሩ ሰው ናቸው፤ ምክራቸውም ከርኅራኄ የመጣ ነው። "ለሊሴ፣ ቅዳሜ ነው የምትቀርቢው። ፈቃድሽ አልቋል፣ ሌላ ቀን የለሽም። የተጠረዘውን አቅርቢ። መጨረሻው ላይ 'ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል' ይላል አይደል? ዲግሪሽን ያዢና ከዚያ እናርመዋለን" አሏት። ለሊሴ "መጀመሪያ ኦቦ ቱሉ ጋ ልሂድ" አለች።

ከሥራ በኋላ ሦስታችን የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ተሻግረን ሄድን። ኦቦ ቱሉ ኮታቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ የታመመው እግራቸው በርጩማ ላይ ተሰቅሏል፣ ቁስሉ ከበፊቱ ሰፍቷል። የተቀቀለው ቅጠል በፕላስቲክ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ቆሟል። ለሊሴ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሰሟትና ከጎናቸው ካለው ፋይል ውስጥ እኔ የሰጠሁትን ገጽ አወጡ። ቀዳዳ አስበስተው፣ ቁጥር ሰጥተው አስቀምጠውታል።

"ይህ ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነው፣ ኦቦ።"

"ቅጠሉ ኢንዛይሙን ያግዳል ይላል።"

"ተሳስቼ ነው። ክኒንዎን ይመለሱበት፣ እባክዎ።"

"ጽሑፉ ለፈታኞች ሄዷል?"

"ሄዷል።"

"ቅዳሜስ የትኛውን ነው የምታቀርቢው?"

ኦቦ ቱሉ ገጹን ወደ ቦታው መለሱ። "ልጄ፣ ለመንግሥት በወረቀት ይሠራል ትያለሽ፣ ለእኔ በቃል አይሠራም ትያለሽ። ምናልባት ለሀብታም ልትሸጡት ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ? በጽሑፍ የተሰጠ ነገር በቃል ተሽሮ አይቼ አላውቅም። ወረቀቱን ቀይሪ፤ ያኔ አምንሻለሁ።"

አዴ ጌጤ በኦሮምኛ ጮኸችባቸው፣ አለቀሰችባቸው። እሳቸው ግን የፋይላቸውን ክር አሰሩ። ስንመለስ ድልድዩ ላይ ለሊሴ ቆመች፤ እኔ የምትለውን ስጠብቅ "ጋሼ፣ ኮምፒውተር ክፍሉን እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱልኝ?" ብቻ አለችኝ።

ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን ጻፈች። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ኦቦ ቱሉ ፋይላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል፤ አዴ ጌጤ ከጎናቸው። ለሊሴ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ስትጀምር ከፈታኞቹ አንዱ አቋረጧት። "ይህ ለእኛ የተላከው ጽሑፍ አይደለም።"

"አይደለም። እሱ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው ይህ ነው" አለችና አዲሱን አከፋፈለች። ቢጫዎቹን፣ የጥፍር ቀለሙን፣ በረኪናውን አንድ በአንድ ተናገረች። "ቅጠሉ ኢንዛይሙን አያግድም" አለች፤ ድምፅዋ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። ፈታኙ "ማን ደረሰበት?" ብለው ጠየቁ። "አዴ ጌጤ" አለች፣ በእጇም አመለከተቻት። አዴ ጌጤ እንድትነሣ ተጠየቀች። እንዴት እንደምታጥብ፣ የትኛውን በምን እንደምታጥብ፣ ለምን እንደሆነ አማርኛና ኦሮምኛዋን እያቀላቀለች አስረዳች፤ ሦስቱ ዶክተሮች እየተከተሉ ጻፉ። ሰው እንዲህ ሲከበር ማየት ደስ ይላል፤ እኔ በበኩሌ መሐረቤን አውጥቼ ነበር።

ፈታኞቹ ወጥተው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ አለፈች፤ በመጨረሻው የማለፊያ ነጥብ። ዶክተር ዮናስ ነጥቡ ቆጭቷቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ለሊሴ ግን ነጥቧን የሰማችም አልመሰለኝ፤ ዓይኗ ፊት ወንበር ላይ ነበር።

ኦቦ ቱሉ እያነከሱ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። አዲሱን ገጽ ጠይቀው ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አድርገው ከአሮጌው ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት። "ቀን ይጻፍበት፣ ይፈረምበት" አሉ። ለሊሴ ጻፈችበት፣ ፈረመችበት። ከደረት ኪሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው አሮጌው ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰመሩ፣ "ተሽሯል" ብለው ጻፉ፣ አዲሱን ከላዩ አድርገው ፋይሉን ዘጉ።

"ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመሰገኗትና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ጌጤ፣ ክኒኔስ?"

አዴ ጌጤ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። እዚያ ቋጥራ ይዛው ነበር የመጣችው። እኔ ውሃ ላመጣ ከወንበሬ ስነሣ፣ ኦቦ ቱሉ ያለ ውሃ ውጠውታል።